ከባሕር ማዶ የመጣ ሲፓፕ መካነ ሰላም ላይ እንዴት ይስተካከላል?

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በብዙ አገር በስፋት ከሚሠራባቸው የእንቅልፍ መተንፈሻ ማሽኖች (ሲፓፕ) አንዱ የሬስሜድ ኩባንያ ኤርሴንስ 10 ነው፤ መመሪያው ማሽኑ የሚሠራው እስከ 2,591 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው ይላል። ከተማዋ ላይ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፤ ማሽኑ መካነ ሰላም ስለደረሰ ብቻ ሥራ አያቆምም። ከዚያ ወደ ሳይንት ወይም ወደ ለጋምቦ ደጋ ሲወጣ ግን ከፍታው ከ3,000 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ ብዙ ነው፤ እዚያ ማሽኑ አምራቹ ዋስትና ከሰጠበት ወሰን ውጭ ነው የሚሠራው።

ይህን ያነሣሁት አፕኒያ (በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ) ያለበት ሰውም ሆነ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ማሽን ይሻላል?» ብሎ ስለሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ወደ እኛ አካባቢ የሚመጣው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ውጭ አገር ባለ ዘመድ ሻንጣ ነው። የተስተካከለው ለሌላ ሰው ጉሮሮ፣ ለሌላ አገር አየርና መብራት ለማይጠፋበት ቤት ነው። ለሚጠቀምበት ሰውና ለሚተኛበት ቦታ እንደገና ካልተስተካከለ፣ በጣም ውዱ ማሽን እንኳ ጥቂት ሌሊት ከተሞከረ በኋላ አልጋ ሥር ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎቻችን ይላላሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ሲላሉ መተላለፊያው ይጠባል፤ ያን ጊዜ ያንኮራፋል። ጨርሶ ሲዘጋ ትንፋሹ ይቋረጣል። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ ሰውየው በኃይል ተንፍሶ ለቅጽበት ይነቃል፣ ወዲያው መልሶ ይተኛል። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ መቋረጥ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሙሉው መቋረጥና ከፊሉ ተደምሮ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። በሰዓት 30 ማለት ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ደቂቃው መታነቅ ነው። በሽተኛው ጠዋት ሲነሣ ግን ራሱን ከመታመሙና አፉ ከመድረቁ በቀር የሚያስታውሰው ነገር የለም።

ጉዳቱ ቀን ቀን ይታያል። በመድኃኒት አልወርድ ያለ የደም ግፊት፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት፣ ስብሰባ ላይ ወይም ቅዳሴ ላይ ማንጎላጀት፣ ትዕግሥት ማጣት። ከሁሉ የሚያስፈራኝ የሾፌሩ ነው። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚነዳ፣ ከመካነ ሰላምም ወደ ግንደወይን ሊሻገር የአባይን ሸለቆ ጠመዝማዛ የሚወርድ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ቢያሸልብ ብዙ ነፍስ ይጠፋል። ጫት እየቃመ የሚነዳ ሾፌር እንቅልፉን ለጊዜው ያባርረው ይሆናል፤ ጉሮሮው ሌሊት መዘጋቱን ግን ጫት አያስቀርለትም።

ሌሊት ታንቆ የሚነቃን ሰው ብዙዎች ዱካክ ተጫነው ይላሉ። ሁለቱን መለየት ይቻላል። ዱካክ የሚባለው ሲመጣ ሰውየው ነቅቷል፤ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ የሆነውንም ጠዋት ራሱ ይናገራል። አፕኒያ ያለበት ግን አያውቀውም፤ የሚያውቀው አጠገቡ የተኛው ነው። «ትንፋሹ ቀጥ ይልና፣ ሞተ ስል በድንገት አጉረምርሞ ይመለሳል» የምትል ሚስት ለሐኪሙ ከማንም የተሻለች ምስክር ናት። ጸሎቱም ዱዓውም ሳይቋረጥ፣ ያንን ሌሊት በስልክ ቀርፃ ብትወስድለት ሐኪሙን በእጅጉ ትረዳዋለች።

ስቶፕ ባንግ የሚባል ስምንት ጥያቄ ያለው መመዘኛ አለ፤ ማንም ቤቱ ሆኖ ሊሞላው ይችላል። ጮክ ብለው ያንኮራፋሉ? ቀን ቀን ይደክምዎታል? ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለብዎ? የሰውነት ክብደት መለኪያዎ ከ35 ይበልጣል? ዕድሜዎ ከ50 አልፏል? የአንገትዎ ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? ወንድ ነዎት? የልብስ ሰፊ ሜትር ካለ አንገትን መለካት ከባድ አይደለም። አዎ የተባለው 3 ወይም 4 ከሆነ ያጠራጥራል፤ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መመርመር ግድ ነው። ቀጭን ስለሆንኩ አይነካኝም ማለት ግን አይቻልም፤ አገጩ ትንሽ የሆነ ወይም ቶንሲሉ ያበጠ ሰውም ይይዘዋል። በደጋው አገር አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፦ እንቅርት። በአዮዲን እጥረት ያበጠ ዕጢ የአየር ቧንቧን ሊጫን ይችላል፤ የዕጢው ሥራ ሲዳከምም አፕኒያን ያባብሳል። እንቅርት ያለበት ሰው ማሽን ከመፈለጉ በፊት የታይሮይድ ምርመራ ያድርግ።

ምርመራው በትክክል የሚሆነው ሌሊት እንቅልፍን በሚመዘግብ መሣሪያ ነው። የደም ግፊትና ስኳር በመካነ ሰላም ሆስፒታል ይታያል፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2013 ከተጀመረ ወዲህ እዚሁ አገር የሠለጠኑ የሳንባ ስፔሻሊስቶች አሉን። ሪፈር ሲጻፍ ይህን ስፔሻሊቲ ጠቅሶ ማስጻፍ መንከራተትን ይቀንሳል።

ሌሊቱን ሙሉ ጣት ላይ ተሰክቶ የሚመዘግብ ኦክሲሜትር ከተገኘ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ንባቡ ዝቅ ሲል «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ ግን አይገባም። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች በአማካይ 95.3 በመቶ ኦክስጅን በደማቸው እንደነበራቸው አሳይቷል። የደጋ ሰው ከከፍታው ጋር የተስማማ ነው። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ቁጥሩ በየደቂቃው ወርዶ የሚወጣ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

አሁን ወደ ማሽኑ። ሲፓፕን የፈጠረው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ነው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተመ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማሽኑ የክፍሉን አየር ገፍቶ በማስክ ወደ አፍንጫ ያስገባል፣ ግፊቱም እንደ ድንኳን ምሰሶ ጉሮሮውን ከፍቶ ያቆመዋል። ኦክስጅን አይጨምርም። ይህን ደግሜ የምናገረው ከኮቪድ ዘመን ወዲህ ኦክስጅን የሚያመነጩ ማሽኖች በየቦታው ስለተለመዱ፣ አንዳንድ ቤተሰብ «መተንፈሻ ማሽን» ሲባል እነሱን ስለሚገዛ ነው። ጉሮሮ ከተዘጋ ኦክስጅኑ የሚገባበት መንገድ የለም፤ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኦክስጅን መስጠት አደጋ አለው። ሆስፒታል ሄደው «ሲፓፕ አላችሁ?» ብለው ሲጠይቁ አለ ከተባለም ይጠንቀቁ፤ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ያለው ሲፓፕ ለሕፃናት ነው እንጂ ቤት ለሚተኛ አዋቂ አይሆንም።

ለአዋቂ የሚሆነው ማሽን ግፊቱ የሚለካው በሴንቲ ሜትር ውሃ ነው፤ ከ4 እስከ 20 ይደርሳል። አንደኛው ዓይነት ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ቁጥር ይሠራል። ሁለተኛው፣ ኦቶ የሚባለው፣ ጉሮሮው መጥበቡን እያዳመጠ ግፊቱን ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሦስተኛው ባይፓፕ ሲያስገባ ከፍ፣ ሲያስወጣ ዝቅ ያለ ግፊት ይሰጣል፤ ከፍተኛ ግፊት ለሚያስፈልገው ወይም ሳንባው ራሱ ለደከመ ሰው ነው። በእኔ እምነት ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው ሰው የሚመረጠው ኦቶው ነው። አንድ ቁጥር ለመወሰን በሽተኛው ላቦራቶሪ ውስጥ ተኝቶ ባለሙያ እየተከታተለ ግፊቱን መሞከር አለበት፤ ኦቶው ይህን ሥራ ቤት ውስጥ በብዙ ሌሊት ያከናውነዋል። ኤኤስቪ የሚባል ሌላ ዓይነት ማሽን ከውጭ ቢላክ ግን ማንም ያለ የልብ ምርመራ አይጀምረው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ትልቅ ጥናት ልባቸው ደም የመርጨት አቅሙ በጣም በደከመና ማዕከላዊ አፕኒያ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ማሽን የሞት አደጋን እንደሚጨምር አሳይቷል።

የተላከው ማሽን የፊሊፕስ ከሆነ ሞዴሉንና የተሠራበትን ቀን ማየት ግዴታ ነው። በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ኩባንያው የመጀመሪያውን ድሪምስቴሽን ጨምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖቹን ከገበያ እንዲመለሱ ጠርቷል፤ ድምፅ ለመቀነስ የተገባው ፎም እየፈራረሰ በአየሩ ውስጥ ቅንጣትና ኬሚካል እንደሚለቅ ስለታወቀ ነው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች በበጎ ፈቃድ ወደ አገር ቤት ሊላኩ ይችላሉ። ላኪው የማሽኑን ተከታታይ ቁጥር በስልክ ፎቶ ይላክና ከኩባንያው ዝርዝር ጋር ይመሳከር። በተጨማሪ የሬስሜድ ትንሿ የጉዞ ማሽን ኤርሚኒ የራሷን ማያያዣ ብቻ ትቀበላለች፤ በሌሎቹ ላይ ግን መደበኛው ቱቦና ማስክ እርስ በርስ ይገጥማል። መለዋወጫ ለማይገኝበት ከተማ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ከፍታው ግፊቱን እንዴት እንደሚነካው እንመልከት። መካነ ሰላም ላይ የአየሩ ክብደት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ስስ አየር ገፍቶ ያንኑ 10 ወይም 12 ግፊት ለማምጣት የማሽኑ ፋን በፍጥነት መዞር አለበት። አዲሶቹ ማሽኖች ከፍታውን በራሳቸው ሰንሰር አውቀው ያካክሳሉ። ግፊት የሚለካ ሰንሰር የሌላቸው ያረጁ ማሽኖች ግን ስክሪኑ ላይ 12 ተጽፎ ጉሮሮ ውስጥ የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ይሆናል፤ አንዳንዶቹ ከፍታውን በእጅ የሚሞሉበት ቦታ አላቸው። ስለዚህ አሮጌ ማሽን አሜሪካ ውስጥ «በደንብ ይሠራ ነበር» ማለት እዚህም ይሠራል ማለት አይደለም። ከፍተኛ ግፊት የሚያስፈልገውና ማስኩ የሚያፈስበት ሰው፣ ያውም በለጋምቦ ከፍታ ላይ፣ ማሽኑ የተጠየቀውን ላያደርስ ይችላል። ለእሱ ማስኩን ማስተካከል ከማንኛውም ነገር ይቀድማል።

ከዳላስ ወይም ከዱባይ የራሱን ማሽን ይዞ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ሊያጋጥመው ይችላል። ቆላ የለመደ ሰው ደጋ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አንጎሉ ራሱ ለአፍታ ትንፋሽ ማዘዝ ይተዋል፤ ይህ ማዕከላዊ አፕኒያ ነው። ማሽኑ ላይ የሚታየው የመቋረጥ ቁጥር በድንገት ሲጨምር ግፊቱን ከፍ ማድረግ አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ቁጥሩ በቀናት ውስጥ ካልወረደ ለሐኪሙ ይንገር።

ማሽኑ ሲከፈት የቀድሞው ባለቤት ቁጥር በውስጡ አለ፤ አለዚያም ከፋብሪካው እንደመጣ ከ4 እስከ 20 ተዘርግቶ ይገኛል። ሁለቱም አይሆኑም። ለብዙ አዋቂ 4 በጣም ያንሳል፤ ሰውየው አየር ያጠረው ይመስለውና ማስኩን ያወልቃል። ጉሮሮው ሲዘጋ ማሽኑ ከ4 ተነሥቶ እስኪደርስ ድረስም ብዙ መቋረጥ ያልፋል። ጥሩው መንገድ በሐኪም ምክር ሰፋ ባለ ወሰን ጥቂት ሌሊት ሞክሮ፣ ማሽኑ የመዘገበውን ማየት ነው። ሬስሜድ ላይ 95 በመቶ የሚል ቁጥር አለ፤ ሰውየው ከሌሊቱ 95 በመቶውን ያሳለፈው በዚያ ግፊት ወይም ከዚያ በታች ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ 11 ከሆነ ሐኪሙ ታችኛውን ወሰን ወደ 7 ወይም 8 ከፍ፣ ላይኛውን ወደ 13 ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የአንዱ ቁጥር ለሌላው አይሆንም፤ ለወንድም እንኳ አይሆንም።

ከግፊቱ ጋር የሚታዩ ሌሎች ቁጥሮችም አሉ። በሰዓት የቀረው መቋረጥ ከ5 በታች መሆን አለበት። ሬስሜድ ላይ ማስኩ የሚያፈሰው አየር በደቂቃ ከ24 ሊትር ካለፈ ሌሎቹ ቁጥሮች አይታመኑም። ማሽኑን ለመልመድ ራምፕ የሚባለው አለ፤ ግፊቱን ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ እያለ ያሳድጋል። አየር ለማስወጣት የሚከብደው ሰው ደግሞ ኢፒአር የሚለውን ከ1 እስከ 3 ሊያስሞላ ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ለምቾት ናቸው። ጀማሪ ሰው ግን ማሽኑን የሚተወው ምቾት አጥቶ ስለሆነ፣ አቅልሎ ማየት አይገባም።

ማሽኑ ውጭ አገር መረጃውን በሞባይል ኔትወርክ ለሐኪም ይልካል፤ እዚህ በዚያ መተማመን አይቻልም። በጎኑ ያለችው ኤስዲ ካርድ ግን ሁሉን ትመዘግባለች። ካርዷን ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ ፋይሉን በቴሌግራም አዲስ አበባ ላለው ሐኪም መላክ ይቻላል። ኦስካር የተባለው ነፃ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ሌሊት ትንፋሽ በግራፍ ያሳያል፤ ደሴ ድረስ ተመላልሶ የትራንስፖርት ወጪ ለሚከብደው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ካርድ የማይገባበት ማሽን ለእኛ አገር አይመረጥም።

ከማሽኑ ይልቅ የማስኩ ምርጫ ይበልጥ ወሳኝ ነው ብል አላጋነንኩም። በአፍንጫ የሚተነፍስ ሰው አፍንጫ ላይ ብቻ የሚያርፈውን ይያዝ፤ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰው አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ይሻለዋል። ጢም ያላቸው ካህናትና ሼሆች፣ አፍንጫ ቀዳዳ ሥር ብቻ የሚገባው ትንሹ ማስክ ብዙ ጊዜ ይስማማቸዋል፤ ጢም ላይ የሚያርፍ ማስክ ያፈሳል። ራሷን ቅቤ የተቀባች ሴት ወይም ፊቷን ቫዝሊን የቀባች ከመተኛቷ በፊት ትታጠብ፤ ቅባት ሲሊኮኑን ያላላዋል፣ ማስኩም ይንሸራተታል። ሹሩባ ከተሠራ ማሰሪያው የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ማስኩ የሚለካው ተኝተው፣ ማሽኑ እየሠራ ነው፤ ተቀምጦ የተስማማው ሲተኙ ሊያፈስ ይችላል።

ምድጃ ያለበት ቤት ውስጥ ማሽኑ የኩበቱን ጭስና የዕጣኑን ጢስ ስቦ ያስገባል። ማሽኑ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከተኛው ሰው ራስ ግን ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ፊልተሩ በወር አንድ ጊዜ ይታይ፤ ጠቁሮ ከተገኘ ቀኑን ሳይጠብቁ ይቀየር። ማስኩ በየቀኑ ለስለስ ባለ ሳሙና ይታጠብ። የእርጥበት መስጫው ሳጥን ውስጥ የሚገባው የተጣራ ውሃ ነው፤ ካልተገኘ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ በየቀኑ እየተደፋ። የደጋው ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ እርጥቡ አየር ቱቦው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል፤ ቱቦውን ከጋቢው ሥር ማሳለፍ ይህን ያስቀረዋል።

መብራቱን በተመለከተ፦ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃዋል። ኃይሉ ለሚዋዥቅበት መስመር ስታቢላይዘር ይጨመር። መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት የሶላር ባትሪ ይጠቅማል፤ ዋናው ነገር የእርጥበት መስጫውንና የሚሞቀውን ቱቦ ማጥፋት ነው፤ ብዙውን ኃይል የሚበሉት እነሱ ናቸው። እነሱ ጠፍተው ማሽኑ 20 ዋት ይወስዳል ብንል ስምንት ሰዓት 160 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ግማሹ ብቻ ጥቅም ላይ የሚውል ባለ 100 አምፒር ሰዓት የ12 ቮልት ባትሪ ይህን በቀላሉ ይሸፍናል። ኤርሴንስ 10 ግን የሚፈልገው 24 ቮልት ነው፤ ተስማሚ መቀየሪያ ሳይኖር በቀጥታ ከባትሪ ጋር አይያያዝ። ባትሪ ከሌለና መብራት ከጠፋ ማስኩን አውልቆ በጎን መተኛት ይሻላል፤ በዚያ ሌሊት ደግሞ አረቄም ጠላም ባይነካ፣ የእንቅልፍ ክኒንም ባይወሰድ ይመረጣል፤ መጠጡም ክኒኑም ጉሮሮውን የበለጠ ያላላሉ።

ውጤት ለማየት ማሽኑ በየሌሊቱ ቢያንስ አራት ሰዓት መደረግ አለበት፤ እንቅልፉን ሙሉ ቢሆን ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባዶች ናቸው፤ ቀን ቀን ቡና እየጠጡ ወይም ሬዲዮ እየሰሙ ማስኩን ለግማሽ ሰዓት ማድረግ መልመዱን ያፈጥነዋል። ብዙ ኪሎ የቀነሰ ወይም የጨመረ፣ የእንቅርት ሕክምና የጀመረ፣ ወይም ከመካነ ሰላም ወደ ቆላ የወረደ ሰው የግፊቱ ቁጥር ዳግም ይታይለት። ማሽኑ ላይ የሚታየው የመቋረጥ ቁጥር ከ5 በታች ሆኖ ሰውየው አሁንም ቀን ቀን የሚያንጎላጅ ከሆነ፣ ሐኪሙ የደም ማነስንና የታይሮይድን ነገር ያጣራ፤ ሾፌር ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ መሪ አይያዝ።